መምቻህ ተገኝቷል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ያልለቀቀኝ እፍረቴ ብቻ ነው። ደብዳቤህን ተቀብዬ መልስ ሳልጽፍልህ አራት ዓመት አለፈ። ሰበብ ብደረድር አታምነኝም፤ እኔም ራሴን አላምነውም። ይቅር በለኝና ወደ ነገሬ ልግባ።

ሰሞኑን ቫሽቲ በንያን የምትባል እንግሊዛዊት እየሰማሁ ነው የማመሸው። ጊታሯን በጣቷ እየነካች ሕፃን እንዳይነቃባት የምትፈራ ይመስል ቀስ ብላ ትዘፍናለች። በ1965 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ሥራ አስኪያጅ የነበረው አንድሩ ኦልድሃም ሸክላ አስቀረጻት። የፊቱን ዘፈን የደረሱላት የባንዱ አባላት ጃገርና ሪቻርድስ ናቸው፤ የራሷ ድርሰት በጀርባው ገባ። ነገሩን ሳስበው ያናድደኛል።

በ1968 ከወዳጇ ጋር ፈረስ በሚጎትተው ጋሪ ከለንደን ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ተነሣች። በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ከዓመት በላይ ፈጀባቸው። ፈረሷ ቤስ ትባላለች። ግጥምና ዜማው የመጣላት በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ስትሰማው የጋሪው እርምጃ ይታወቅሃል፣ የትም ቦታ አይቸኩልም። የሙዚቃ አዘጋጁ ጆ ቦይድ አልበሙን ሠራላት፤ በ1970 ወጣና ገዢ አጣ። እሷም ጊታሩን ተወችው። ልጆች አሳደገች፤ ለእነሱ እንኳ አልዘፈነችም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮምፒውተር ላይ ስሟን ብትፈልግ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ያንን ሸክላ ሲያፈላልጉ አገኘች! በ2000 እንደገና ታተመ። ሁለተኛው አልበሟ በ2005 ወጣ፤ በመካከሉ 35 ዓመት። ድምፁ ያው ነው፣ ትንሽ ብቻ ደክሟል። ሦስተኛውን፣ የ2014ቱን፣ አብዛኛውን ቤቷ ተቀምጣ ራሷ ቀረጸችው። እኔ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ፤ አንተ መጀመሪያውን እንደምትል ይታወቀኛል።

ይህን ሁሉ ያመጣው ያንተ ጊታር ነው። «ከእንግዲህ አልነካውም» ብለህ እኔ ጋ የተውከው። ባለፈው እሑድ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። ክሮቹ ዝገው ጣቴን አጠቆሩት፤ ቀጭኑ ክር ገና ስነካው ተበጠሰ። ገልበጥ ሳደርገው ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ። በቀዳዳው በኩል እያነቀነቅሁ ስንት ደቂቃ ታገልኩ መሰለህ! ወደቀልኝ፤ ያ ቡናማው የጊታር መምቻህ፣ «አንተ ነህ የሰረቅኸኝ» ብለህ አንድ ወር ያኮረፍክበት።

እነሆ፣ ፖስታው ውስጥ አለልህ። ለጊታሩ አዲስ ክር ገዝቻለሁ፤ እሱን ግን አልልክም፣ መጥተህ ውሰድ።

ወንድምህ