በጎ ፈቃደኞች በክፍል ውስጥም ያግዙ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴ ከተማ የምኖር ጡረተኛ ስሆን፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርትን በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። በአንድ ክፍል ከ50 ተማሪ እንዳይበልጥ የሚለው የአገራችን መለኪያ በየቦታው ስለማይጠበቅ፣ አንዲት መምህርት ሰሌዳ ላይ እየጻፈች የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር ማየት አትችልም። እኔ ከኋላ ወንበር ካሉት ልጆች አጠገብ ተቀምጬ ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ሲያነቡም አዳምጣለሁ። ካዕብና ሣልስ በአብዛኛው ወጥ ምልክት ስላላቸው ቶሎ ይያዛሉ፤ ሳድስ ግን መልኩ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ፣ ‹ል›ን፣ ‹ን›ን፣ ‹ክ›ን አንድ በአንድ እያሳዩ ደጋግሞ ማስጻፍ ይጠይቃል፤ ለዚህ ደግሞ ትዕግሥት ያለው ተጨማሪ ሰው እጅግ ያስፈልጋል።

የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞችን ቤት በማደስና ችግኝ በመትከል የሚያስመሰግን ሥራ ይሠራል። ይህ ልማድ ከመስከረም በኋላም በመማሪያ ክፍል እንዲቀጥል፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቶች በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በወልድያም ጡረተኞችንና ሥራ የሚጠባበቁ ወጣቶችን ቢመዘግቡ መልካም ነው። ሆኖም ረዳቱ መምህሩን እንዳይተካ፣ ልጅ እንዳይቀጣ፣ ከተማሪም ጋር ብቻውን እንዳይሆን አስቀድሞ በጽሑፍ ሊደነገግ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ