ስለ ሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ለደቡብ ወሎ አባሎቻችን

የተከበራችሁ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ለጉዳት ጡረታ ከማመልከታችሁ በፊት የሐኪሞች ቦርዱን ውሳኔ ሙሉ ቅጂ እጃችሁ አስገቡ። ሆስፒታሉን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የካርድ ቁጥራችሁን አትርሱ። ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው መስኮቱ አጠገብ ቆማችሁ አንብቡት፦ የአያት ስም ከመታወቂያችሁ ጋር ይገጥማል? ማኅተሙ ይነበባል? የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ሰፍሯል? ለሥራ ላይ ጉዳት ክፍያ ሕጉ ቢያንስ 10 በመቶ ስለሚጠይቅ ይህች ቁጥር ብዙ ትወስናለች። «ወድቆ ተሰበረ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የት፣ መቼ፣ በምን ሥራ ላይ እንደሆነ የአሠሪው ደብዳቤ ይግለጽ። ብዙ እውነተኛ አቤቱታ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና አጥብቃችሁ ጠይቁ። ዋናውን ከማስረከባችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ።

ከለጋምቦና ከቦረና የምትመጡ፣ ወደ ደሴ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉልን፤ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው እንመድባለን።