ሮምን በሳይክል፦ በአበበ ቢቂላ መንገድ

ሚያዝያ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮም

የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እሑድ ግንቦት 16 (በፈረንጆቹ ሜይ 24) ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ተማሪዎቻችንን ይዘን ሮምን በሳይክል ልንጎበኝ አስበናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ፈቃዳችሁን ለመጠየቅና ቀኑን እንዴት እንዳሰብነው ለማስረዳት ነው።

ልጆቻችን ያደጉት እዚሁ ከተማ ነው። ሮምን የሚያውቋት ግን በሜትሮና በአውቶቡስ መስኮት ነው። ኮሎሴዎም ለብዙዎቹ የፌርማታ ስም ነው። ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ የሚያየውን እነሱ ስልካቸውን እያዩ ያልፉታል። ይህ ነገር ያሳዝነኛል። በእግር እንዳንወስዳቸው ቦታዎቹ ይራራቃሉ። በመኪና ከሄድን ደግሞ ማቆሚያ ስንፈልግ ቀኑ ያልቃል። ሳይክል ለዚህ ልክ ነው። ደስ ያላቸው ቦታ ላይ ቆም ብለው አይተው ይቀጥላሉ።

የመረጥነው መንገድ አበበ ቢቂላ የሮጠበት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ የሮም ኦሎምፒክን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን ያልሰማ ልጅ የለንም። በየት በየት እንደሮጠ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ሩጫው ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ተነስቶ ከከተማ ከወጣ በኋላ የተመለሰው በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ነው። መሽቶ ስለነበር ወታደሮች ዳርና ዳር ቆመው ችቦ ያበሩ ነበር። መጨረሻው ላይ ከአበበ ጎን የቀረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነበር። ፖርታ ካፔና አደባባይ ሲደርሱ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ያኔ ገና ወደ አገሩ አልተመለሰም። አበበ ራዲን ጥሎት የሄደው እዚያ አካባቢ ነው። የገባውም በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው።

እኛም እዚያው አፒያ መንገድ ላይ ካለው ከጥንታዊው የቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር ተነስተን እስከዚያው ቅስት እንሄዳለን፤ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአፒያ መንገድ መሠራት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት ነው። ትልልቆቹ ጥቁር ድንጋዮች ዛሬም በየቦታው አሉ። ሳይክል ላይ ሆነው ሲንገጫገጩ፣ ባዶ እግር ማለት ምን እንደሆነ ልጆቹ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል። የጥንት ክርስቲያኖች የተቀበሩባቸውን የቅዱስ ሰባስቲያኖስንና የቅዱስ ካሊስቶስን ካታኮምቦች ከውጭ እናያለን። ውስጥ መግባት ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። ከዚያ በሳን ሰባስቲያኖ በር የከተማውን የጥንት ግንብ አልፈን በካራካላ መታጠቢያ በኩል ወደ ፖርታ ካፔና እንደርሳለን።

እዚህ አደባባይ ረዘም ያለ ጊዜ እንዲቆዩ እፈልጋለሁ። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. በወረራው ጊዜ ከአክሱም ተወስዶ ከ60 ዓመት በላይ የቆመው እዚህ ነው። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ያለበት ከጎኑ ያለው ሕንፃ ያኔ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ላይ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ። በተረፈ ሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ላይ አበበን የሚያስታውስ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አለ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት። ድሉ 50ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን የመጨረሻ 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ ሮጦ አሸንፏል። ይህንንም እዚያው እንነግራቸዋለን።

«ሮም ውስጥ ሳይክል?» ብላችሁ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ። ትክክል ናችሁ፤ የዚህ ከተማ መኪና ልጅ የሚለቀቅበት አይደለም። እሑድን የመረጥነው ለዚሁ ነው። የአፒያ መንገድ እሑድ ለግል መኪና ዝግ ነው፤ አልፎ አልፎ የነዋሪ መኪና ብቻ ያልፋል። ከካራካላ በኋላ መኪና ስለሚበዛ ሁላችንም ወርደን በእግረኛ መንገድ ሳይክሉን እየገፋን እንሄዳለን። የጣሊያን ሕግ ሳይክል ነጂን ሄልሜት አድርግ አይልም፤ እኛ ግን ያለ ሄልሜት ማንንም አናስነሳም።

ሳይክል ያላቸው ይዘው ይምጡ። ፍሬኑንና ጎማውን አስቀድማችሁ እዩላቸው። ቀጭን ጎማ ለዚያ ድንጋይ አይሆንም። ለሌላቸው እኛ እንከራያለን፤ ወጪውን ትምህርት ቤቱ ይችላል። መንዳት የማይችሉ ልጆች ደግሞ እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ይለማመዳሉ። እባካችሁ ሴቶቹንም ላኩ። «ትወድቅብኛለች» ብላችሁ አታስቀሩብን።

የምንነሳው ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት (በጣሊያን ሰዓት 14) ላይ ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ምሳቸውን በልተው ውኃ ይያዙ። አብረውን የሚነዱ አምስት ወይም ስድስት ወላጆች ያስፈልጉናል። የተፈረመውን ፈቃድ እስከ ቅዳሜ ግንቦት 8 ለክፍል አስተማሪው ስጡ። ከዘነበ ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ወደ ሚቀጥለው እሑድ እናዛውረዋለን፤ ጠዋት ላይ ደውለን እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር