ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዪው

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እህትሽ የምርመራውን ውጤት ነገረችኝ። በባዶ ሆድ ስኳርሽ 118። ለምን ደበቅሽኝ ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ተውኩት። ብቻ ስሚኝ። ከ100 በታች ጤና ነው። 126 ደርሶ ሲደገምም ያው ከሆነ የስኳር በሽታ ነው። አንቺ መሀል ላይ ነሽ። ከዚያ መመለስ ይቻላል፤ አትፍሪ።

«ጣፋጭ አልወድ፣ ወፍራም አይደለሁ፣ ከየት መጣ?» ብለሻል አሉ። የዘር ነገር አለብን። ከረከቦቱ ኋላ ቀኑን ሙሉ መቀመጥሽም አለ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጭሱ ነው። ድሬ ስወርድ አይቼዋለሁ፤ ቡና የምታፈዪበት ክፍል መስኮት የለውም፣ ደጁ ላይ ባጃጅ ሲያጨስ ይውላል። አንቺ ደግሞ ከሰሉን እዚያው ውስጥ ታቀጣጥያለሽ። ደጅ አቀጣጥዪው!

ክፉው የማይታየው ነው። 2.5 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነው ብናኝ ከጸጉር ዘለላ ከ20 እጥፍ በላይ ይቀጥናል። አፍንጫ አይዘውም። ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል፤ እጅግ የደቀቀው ደም ውስጥም ይዘልቃል። ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮት ይቆጣል። ቁጣው ሳንባ ላይ አይቀርም፤ ጉበት፣ ጡንቻና ስብ ጋ ይደርሳል። ያኔ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን ቢያንኳኳ የሚከፍትለት ያጣል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ጉበትም በቃህ ሲባል አይሰማም፣ ስኳር መልቀቁን ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ብናኝ የዓመት አማካይ ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ያወረደው በከንቱ አይደለም።

አክስትሽን አስቢያት። እዚህ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ጣሪያው በጥላሸት በጠቆረ ማድ ቤት እንጀራ እየሸጠች ስድስት ልጅ አሳደገች። ቀጭን ነበረች። ሻይ ያለ ስኳር ነበር የምትጠጣው። ስኳር ሲገኝባት ሰው «ጣፋጭ አብዝታ ነው» አለ፤ እሷም አፍራ ዝም አለች። ጭሱ ብቻ ነው ያመጣባት አልልም። ግን ሐኪሙም እኛም ስለምትበላው እንጂ ስለምትተነፍሰው አንድ ቀን ጠይቀናት አናውቅም። ዓይኗ ደክሞ እንኳ የምጣዱን መጋል በእጇ ጀርባ እያወቀች ትጋግር ነበር። የሷ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዪው፤ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን አስገቢው። ፍሙም ሽታ የሌለው መርዝ አለውና በር ዘግተሽ እንዳትተኚ። ዕጣኑን ቀንሺ፤ ደንበኛ ይወዳል አትበይኝ። ወለሉን ውኃ ረጭተሽ ጥረጊ። ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ ይህን ብናኝ አያቆመውም። ጠዋት መኪና ሳይበዛ በእግርሽ ተንቀሳቀሽ። የቤቱን ባለቤት መስኮት እንዲያወጣ ለምኚው፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ።

እናቴ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ፣ አውቃለሁ። ግን ከሰሉን ደጅ! ሦስት ወር ሲሞላ ተመርመሪና ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ።

አባትሽ