ደብዳቤ ለልጄ፦ ለሚኪ የላክኋቸው መጻሕፍት

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ልጄ ሕይወት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ትናንት ከእናትሽ ጋር ስታወሩ ሰምቼ ነው የምጽፍልሽ። የልጅሽ የሚኪ ትኩሳት መልቀቁ ደስ ብሎኛል፤ ስልክ ካልያዘ አይተኛም መባሉ ግን አልጣመኝም። ደክመሽ እንደምትገቢ ስለማውቅ አልቆጣሽም። ይልቅ ሰኞ ወደ ድሬዳዋ በሚመለሰው በአክስትሽ ልጅ እጅ አራት ትንንሽ መጻሕፍት ልኬለታለሁ። ቢያትሪክስ ፖተር የተባለች እንግሊዛዊት የጻፈችው፣ ሥዕሉንም ራሷ የሠራችው የእንስሳት ታሪክ ነው። ጠቅላላው 23 ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ለጊዜው አራቱ ይበቁታል።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ አንብበሽ ስትጨርሺ «ከዚህ ምን ተማርክ?» እንዳትይው።

በጥንቸሉ በፒተር ጀምሪ፤ በ1902 የወጣው ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ)። ገና ከመጀመሪያው እናትየው ልጆቿን ሚስተር ማክግሬገር ጓሮ እንዳይገቡ ታስጠነቅቃለች፤ አባታቸው እዚያ ገብቶ ሚስስ ማክግሬገር ሥጋውን በሊጥ ሸፍና ፓይ ሠርታበታለችና። ልጁ ይደነግጣል ብለሽ ይህን ዘለሽ እንዳታልፊ። ጸሐፊዋ በአንድ መስመር፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ ነው የነገረችን፤ አንቺም እንደዚያው። ያ መስመር ከሌለ ፒተር በበሩ ሥር ሾልኮ ሲገባ ሚኪ የሚሰጋበት ምክንያት የለውም።

ፒተር ሰላጣውን፣ ፎሶሊያውን፣ ራዲሹን ይበላና ሆዱ ሲረበሽ ፐርሰሜሎ ፍለጋ ይሄዳል። ከሰውየው ጋር ፊት ለፊት የሚገጥመው ያኔ ነው። እዚህ ጋ ቀስ በይ። አንዱ ጫማው ጎመኑ መሐል፣ ሌላው ድንቹ መሐል ይቀራል፤ ጫማው ሲወልቅ በአራት እግሩ ይሮጣል፤ ይፈጥናልም። መረቡ ላይ ተይዞ የሚቀረው ግን በአዲሱ ጃኬቱ ትልልቅ ቁልፎች ነው። እንደ ሰው ለብሶ የወጣው ልጅ ልብሱ በወለቀ ቁጥር ወደ ጥንቸልነቱ ይመለሳል። ፖተር ቤቷ ጥንቸል ታሳድግ ስለነበር አጥንትና መገጣጠሚያውን አሳምራ ታውቃለች፤ ሥዕሉ አይዋሽም። ሚኪ ጣቱን ሥዕል ላይ ካሳረፈ ጠብቂው፤ ገጹን አትግለጪበት።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አጠገቡ ጋደም ብለሽ መስመር በመስመር እየተረጎምሽ ብትሄጂ ይሰለችሻል፤ እሱም ስልኩን ይጠይቃል። ቀን፣ ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ ለራስሽ አንብቢው፤ ማታ በአማርኛሽ ንገሪው። ፒተር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ሥዕሉን አሳዪው፣ ትንሽ ዝም በይ፣ ከዚያ የገጹን ነገር ንገሪው። አስቀድመሽ ከነገርሽው ሥዕሉን የሚያየው ያልሽው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ የፒተር ዘመድ የቤንጃሚን ነው፣ የ1904ቱ፤ ሁለቱ ጥንቸሎች የፒተርን ልብስ ለማስመለስ ሲሄዱ፤ ማክግሬገር ለወፍ ማስፈራሪያ ሰቅሎታል። ከዚያ የ1909ኙ፣ ሰላጣ አብዝተው በልተው እንቅልፍ የወሰዳቸው ስድስት የጥንቸል ልጆች። እንቅልፍ እንቢ ባለው ማታ ይህኛውን አውጪ። የሚስተር ቶድን ሆን ብዬ አልላክሁም፤ ረጅምና ከበድ ያለ ነው፤ ሰባት ዓመት ሲሞላው።

ዳክዬዋን ጀሚማን ለመጨረሻ አቆዪያት፤ የ1908 ናት። እንቁላሏን የምታቅፍበት ቦታ ስትፈልግ አንድ ጺማም ጌታ ጎጆውን ያበድራታል። ጎጆው ላባ በላባ ነው፤ ከየት እንደመጣ አትጠይቅም። ከዚያ ጦስኝ፣ ፐርሰሜሎና ሁለት ራስ ሽንኩርት ይዘሽ ነይ ይላታል። ራሷ ለቅማ ታመጣለች! ዶሮ ወጥ በሚሠራበት ቤት ያደገ ልጅ ሽንኩርቱ ለምን እንደተፈለገ ከሷ ቀድሞ ይገባዋል። ሚኪ «ቀበሮ እኮ ነው!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ አንቺ ትንፍሽ እንዳትይ። ውሻው ኬፕ ከሁለት ቡችሎች ጋር ደርሶ ያድናታል፤ ግን ቡችሎቹ እንቁላሉን ይበሉታል። ያለቅስ ይሆናል፤ ያልቅስ። «አየህ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር...» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ምን ተማርክ እንዳትይው፣ እዚህ ጋ በተለይ።

እንዲያውም የፒተር መጽሐፍ ራሱ የተወለደው ከታመመ ልጅ አልጋ ነው። መስከረም መግቢያ ላይ፣ በ1893፣ የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ፣ አምስት ዓመቱ ኖኤል፣ ታሞ ተኝቷል። ፖተር የምትጽፍለት ወሬ ስታጣ ስለ አራት ጥንቸሎች በሥዕል ያጌጠ ደብዳቤ ላከችለት። ልጁ አልጣለውም። ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ላድርገው ስትል ደብዳቤውን ከሱ ተውሳ ነው የገለበጠችው። አሳታሚዎች እንቢ አሏት፤ በ1901 መጨረሻ በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች፤ በሚቀጥለው ዓመት ፍሬድሪክ ዋርን የተባለው አሳታሚ በቀለም አወጣው። መጽሐፉ ለትንሽ እጅ እንዲመች ትንሽ እንዲሆንም የፈለገችው ራሷ ናት። ስለዚህ ትልቅ አልጋ ላይ ዘርግተሽ አታንብቢው፤ እሱ ይያዘው፤ እጁን ግን ታጥቦ።

ሌላ ልግዛ ካልሽ ሽፋኑን አይተሽ አትክፈይ፤ ግለጪው። የጸሐፊዋ መብት ጊዜው ስላለፈ ማንም እያሳጠረና ሌላ ሥዕል እየለጠፈ ያትመዋል። ፓይዋ ከሌለችበት መልሺው። እዚህ አዲስ አበባ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡትን እኔ እጠይቅልሻለሁ።

መድኃኒቱን ተሻለው ብለሽ እንዳታቋርጪበት፤ የታዘዘውን ይጨርስ። እናትሽ በርበሬውን ከመጻሕፍቱ ጋር በአንድ ካርቶን ነው ያሸገችው፤ እኔ ተው ብያት ነበር። እንደደረሰ ለይተሽ አውጪው፤ ምን ተማርክ ማለቱን ደግሞ አደራ።

አባትሽ