ስለ መብረቁ ፈተናና ስለ ወረዱት ስዕሎች

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ጥቂት ወላጆች ቢሮዬ ድረስ መጥተው "ሰሌዳው አጠገብ የነበሩት ስዕሎች የት ሄዱ?" ብለውኛል። አንዲት እናትማ "ክፍሉ የሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ መሰለ" አሉኝ። ተሳሳቅን። ግን መልስ ይገባችኋል።

ነገሩ የመጣው ከ6ኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና ነው። መምህሩ ስለ መብረቅ ሲያስተምሩ የጀመሩት በትውልድ መንደራቸው በሆነ ታሪክ ነበር። ሐምሌ ላይ ነው። ዋርካ ሥር የቆሙ ሁለት በሬዎች በመብረቅ ተመተው ሞቱ፤ እረኛው ምሳ ሊበላ ቤት ገብቶ ስለነበር ተረፈ። እኔም ከኋላ ተቀምጬ እያዳመጥኩ ነበር፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ዋናው ትምህርት መጣ። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ይጋጫሉ፣ በግጭቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይለያያል።

ፈተናው "መብረቅ እንዴት ይፈጠራል?" የሚል ነበር። ብዙዎቹ ስለ በሬዎቹ ጻፉ። አንዱማ የእረኛው ምሳ ሽሮ እንደነበር ጨምሮበታል፤ ሽሮውን ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ይህን ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ፤ የሚገርመው፣ ርዕሳቸውም መብረቅ ነው። በ1998 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሻነን ሃርፕና ሪቻርድ ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመብረቅን አፈጣጠር የሚያስረዳ ጽሑፍ ሰጡ። በአንዱ ቅጂ መብረቅ ስለሚመታቸው ዋናተኞችና ጎልፍ ተጫዋቾች የሚያወሩ ነገሮች ተጨመሩበት። ይህን ያነበቡት ዋናውን ሐሳብ የያዙት ባነሰ መጠን ነው። እኔ ጉዳቱ ትኩረት መስረቁ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እነሱ ግን ሌላ ነገር አዩ። እንዲህ ያለው ማጣፈጫ ጨዋታ መጀመሪያ ሲመጣ ይብሳል፣ መጨረሻ ላይ ሲሆን ይቀላል። ልጁ ገና ከጅምሩ "ይሄ የበሬዎች ጉዳይ ነው" ብሎ ዶሴ ይከፍታል፤ በኋላ የሚመጣው ደመናና በረዶ ሁሉ እዚያው ዶሴ ውስጥ ይገባል።

ስዕሎቹን ያወረድንበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ጥናት ነው። በ2014 (ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣው በዚህ ጥናት፣ አሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንዳንዱን ትምህርት ግድግዳው በስዕል በተሞላ ክፍል፣ አንዳንዱን ባዶ ግድግዳ ባለው ክፍል ተማሩ። በስዕል በተሞላው ክፍል ከትምህርቱ ውጭ ሆነው ያሳለፉት ጊዜ 38.6 በመቶ፣ በባዶው 28.4 በመቶ ሆነ። የፈተና ውጤታቸውም 42 እና 55 በመቶ። ስለዚህ የእኛን ስዕሎች ወደ ኋላ ግድግዳና ወደ ኮሪደር አዛወርናቸው እንጂ አልጣልናቸውም። የፊደል ገበታውንና የማባዣ ሰንጠረዡን የሚነካቸው የለም።

ጨዋታ ይቅር አላልንም። በጨለማ የናይለን ሹራብ ሲወልቅ ብልጭ የሚለውን ታውቃላችሁ አይደል? እሱም ጨዋታ ነው፤ ግን ያው የቻርጅ ብልጭታ ስለሆነ በቀጥታ ወደ መብረቁ ይወስዳል። መምህሩ በእሱ እንዲጀምሩ ተስማምተናል። በሬዎቹ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፣ ዝናብ ሲጥል ለምን ዛፍ ሥር እንደማይቆም ለማስረዳት።

ከእናንተ እርዳታ የምንፈልገው ልጆቹ ቤት ሠርተው በሚያመጡት ቻርት ላይ ነው። ባለፈው ወር የውሃ ዑደት ሥሩ ብለን ነበር። ኮምፒውተር ቤት በከለር የታተመ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መጣ፣ ዶልፊን መጣ፣ ዙሪያው የወርቅ ወረቀት። ትነቱን የሚያሳየው ቀስት ግን የለም። እባካችሁ ለዚህ ገንዘብ አታውጡ። ልጁ በእርሳስ የሣለው ጠማማ ቀስት ይበቃናል። ማታ ስታስጠኑም "ታሪኩን ተወውና እንዴት እንደሚሆን ንገረኝ" በሉት።

የመብረቁ ፈተና በሚቀጥለው ሐሙስ ይደገማል፤ የመጀመሪያው ውጤት አይያዝም። መምህሩ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብለዋል። የበሬዎቹን ታሪክ ከራሳቸው አንደበት መስማት የምትፈልጉ በወላጆች ቀን ታገኟቸዋላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ