ዳይስ ይዘህ አንብበው

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ አዳማ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ የጠፋሁበት በቂ ምክንያት የለኝም፤ ሰበብ ልደርድር ብልም አታምነኝም። ሐዋሳ ስትመጣ አሞራ ገደል ላይ የዓሣው ሒሳብ የእኔ ነው፤ ካሣዬ ይኸው ነው። ወቀሳውን እዚያው ዓሣው እስኪጠበስ ትጨርሰዋለህ።

ስታር ዋርስ ፊልሞች ላይ አማጽያኑ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጋር ከገጠሟቸው ሁለት ውጊያዎች፣ ከያቪንና ከኤንዶር፣ የቱን ማሸነፍ ይቀል ነበር የሚለውን ክርክራችንን ሳንቋጭ ነበር የተጠፋፋነው። አንተ ያልከው ትዝ ይለኛል፦ ኤንዶር ላይ አማጽያኑ ትልልቅ መርከብ ነበራቸው፣ ያቪን ላይ ግን አንድ ሰው የሚይዝ ትንንሽ ጀት ብቻ፣ ስለዚህ ኤንዶርን ማሸነፍ ይቀል ነበር። እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምለው። ያቪን ሲያዩት ተስፋ የሌለው ይመስላል እንጂ ሊያሸንፉት የሚችሉት ውጊያ ነበር፤ ኤንዶር ግን ሲታቀድ ጀምሮ የተሸነፈ፣ ጠላት በገዛ እጁ ያስረከባቸው ድል ነው። (የሆዝን ውጊያ አላነሳም። እሱ ማፈግፈግ ነው፤ ያፈገፈጉትም በደንብ ነው።)

መጀመሪያ ጥያቄውን እናጥራው። ሁለቱንም አሸንፈዋል፣ እዚያ ላይ ክርክር የለም። የምንጠይቀው ያው ውጊያ መቶ ጊዜ ቢደገም ስንቴ ያሸንፋሉ ብለን ነው። ለዚህ ደግሞ መርከብ መቁጠር ብዙ አይረዳህም። ስንት ጊዜ መሞከር እንደሚቻል ቁጠር፤ ከዚያ ለማሸነፍ ስንት ነገር ተከታትሎ መሳካት እንዳለበት ቁጠር።

በያቪን ልጀምር። በ1977 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ፊልም ላይ ዴዝ ስታር፣ ፕላኔት የሚያፈነዳው የጠላት የጦር ጣቢያ፣ የአማጽያኑ ሰፈር ወዳለባት ጨረቃ ሲደርስ ፕላኔቷ መሃል ላይ ገብታ ከለለችበት። ዞሮ እስኪያያት 30 ደቂቃ። ያቺ 30 ደቂቃ ባትኖር ውጊያ የሚባል ነገርም አይኖርም ነበር። ጄኔራል ዶዶና ለአብራሪዎቹ ሲያስረዱ ነገሩ ግልጽ ነው፦ የጣቢያው መከላከያ የተሠራው ለትልልቅ መርከቦች ጥቃት ነው፤ ትንሽ ጀትን ከቁም ነገር አልቆጠረም። ዒላማው 2 ሜትር ስፋት ያላት የሙቀት ማስወጫ ቀዳዳ ናት። አንድ ባጃጅ ብታጋድምባት አፏ ላይ ይቀራል እንጂ አይገባም፤ ባጃጅ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋልና። ቀዳዳዋ ጨረር የሚመልስ ጋሻ ስላላት ሌዘር አይሠራም፤ ፕሮቶን ቶርፒዶ ብቻ ነው። ቶርፒዶው ከገባ ቱቦው በቀጥታ ሬአክተሩ ላይ ያደርሰዋል፣ የቀረውን ፍንዳታው ራሱ ይጨርሰዋል። እዚያ ለመድረስ ግን ረጅም ቦይ ውስጥ ገብተህ ወለሉን እየታከክህ መብረር አለብህ።

መቀሌ ላይ በ1888 የሆነውን አስብ። የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ግንቡን በመድፈር አልተለቀቀም። እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስያዙ፣ ጣልያንም በውሃ ጥም ወጣ። ዶዶና ያገኙት ቀዳዳ ያ ምንጭ ነው። ደግሞ የተገኘው በዕድል አይደለም፤ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ፊልም እንደሚያሳየው መሐንዲሱ ጋለን ኤርሶ ሆን ብሎ ነው ድክመቱን ያስቀመጠው፣ ፕላኑም ስካሪፍ ከሚባለው የጠላት ሰፈር በደም የተሰረቀ ነው። ይህን ነጥብ ያዝልኝ፣ ኤንዶር ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ሙከራዎቹን ቁጠር። የጣቢያው ሰዎች የቆጠሩት 30 ጀት ነው። ቦዩ ውስጥ ሦስት ሦስት እየሆኑ ገቡ፦ አንዱ ተኳሽ፣ ሁለቱ ከኋላው ጠባቂ። መጀመሪያ የወርቅ ጓድ ሦስት ዋይ-ዊንግ ጀት ገባ፤ ሦስቱም ሳይተኩሱ በጠላት የጦር አለቃ በዳርት ቬደር እጅ አለቁ። ቀጥሎ የቀይ ጓድ መሪ ገባ፤ እሱ ተኩሷል፣ ቶርፒዶው ግን ቀዳዳዋን ስቶ ጠርዟ ላይ ፈነዳ። ሦስተኛው ወጣቱ አብራሪ ሉክ ነው፣ ከጓዶቹ ከቢግስና ከዌጅ ጋር። ስለዚህ ሦስት ሙከራ፣ ሁለት እውነተኛ ተኩስ፣ አንድ ግብ።

ስህተታቸው የት ላይ እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ያቪን ላይ ማሸነፍ ይቻላል የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው። ጠባቂዎቹ የተቀመጡት ከተኳሹ በስተኋላ፣ ያውም ቦዩ ውስጥ ነው። ኤክስ-ዊንግ የሚሉት ጀታቸው ወደ ኋላ የሚተኩስ መሣሪያ የለውም። ቦዩ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መሸሽ አይቻልም። ቬደር ከኋላ ሲመጣ ጠባቂዎቹ ጋሻ ሆነው ከመሞት ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ለተኳሹ ጥቂት ሰከንድ ይገዙለታል፣ ያችኑ ብቻ። የጣቢያው መድፎች ድንገት ዝም ሲሉ ከኋላ ጀት እየመጣ መሆኑን አብራሪዎቹ ራሳቸው ገብቷቸዋል። ጠባቂ መቀመጥ የነበረበት ከቦዩ በላይ ነው፣ ወደ ታች እያየ። ማስረጃህ የአማጽያኑ ወዳጅ የሃን ሶሎ መርከብ፣ ሚሌኒየም ፋልከን ነው፦ ሃን ከላይ መጥቶ አንዱን የጠላት ጀት (ታይ ፋይተር) ሲመታ ሌላው ደንግጦ ከቬደር ጋር ተላተመ፣ ቬደር እየተሽከረከረ ወደ ጠፈር ተወረወረ፣ ከሉክ ኋላ የቀረ ጠላት አልነበረም። አንድ መርከብ ከትክክለኛው ቦታ መጥታ ያን ሁሉ ፈታችው። ይህ በዕቅድ ቢደረግ፣ ግማሹ ጓድ ከላይ ቢቆም፣ ከሦስት በላይ ሙከራ ይገኝ ነበር።

የጠላትንም ጥፋት እንቁጠር፣ ያለዚያ ፍርዱ ይዛባል። ዴዝ ስታር ያቪን የመጣው ብቻውን ነው፤ አንድም አጃቢ መርከብ አልነበረውም። አንድ ሹም ጥቃቱን አጥንቶ አደጋ እንዳለው ሲነግረው የጣቢያው አዛዥ ታርኪን ለመውጣት እንቢ አለ። ጀቶችን ያስወጣው ቬደር ነው። ግን ልብ በል፤ እነዚህ ሁሉ የታርኪን ዓይነት ሰው መቶ ጊዜ ቢቀመጥ መቶ ጊዜ የሚሠራቸው ጥፋቶች ናቸው። ጣቢያው ራሱ በዚያ ትዕቢት ነው የተሠራው። ስለዚህ ዕድል ብዬ አልቆጥራቸውም።

እዚህ ላይ የሉዶ ዳይስህን አውጣ። ያቪን እንዲህ ነው፦ ለማሸነፍ 6 መምጣት አለበት፣ ግን ሦስት ጊዜ ትጥላለህ። ሦስቱም ጊዜ 6 የማይመጣበት ዕድል አምስት ስድስተኛ ሦስቴ ሲባዛ ነው፤ 125 ከ216። የማሸነፍ ዕድልህ እንግዲህ 91 ከ216፣ ወደ 42 በመቶ። ጠባቂ ከላይ አስቀምጠህ ሙከራውን ስድስት ካደረስከው ወደ 67 በመቶ ይወጣል። ለአንዷ ተኩስ 6 መጠየቄ ደግሞ ጨክኜ ነው፤ ዌጅ ራሱ ስብሰባው ላይ ይህ ለኮምፒውተርም አይቻልም ብሎ ስላጉረመረመ ለእሱ ብዬ ነው።

ወደ ኤንዶር። ፊልሙ እንደ ፈረንጆቹ የ1983 ነው። ሁለተኛው ዴዝ ስታር ገና እየተሠራ ነው፤ ጋሻው ግን የሚመነጨው ከጣቢያው ሳይሆን ከጫካዋ ጨረቃ ላይ ነው። እዚህ ዳይሱ የሚጣለው በሌላ ሕግ ነው። አምስት ጊዜ ተከታትለህ ትጥላለህ፣ አንዱ ከከሸፈ ሁሉም ይከሽፋል። አንደኛ፣ እነ ሃን ሶሎ በተሰረቀ መርከብና በአሮጌ የይለፍ ኮድ ማለፍ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ጫካውን አቋርጠው የጋሻው ማመንጫ ዘንድ ሳይያዙ መድረስ። ሦስተኛ፣ ማመንጫውን ማፈንዳት። አራተኛ፣ እስከዚያ ድረስ በላይ ያለው የጦር መርከብ ሳያልቅ መቆየት። አምስተኛ፣ ጀቶች ባላለቀው ግንባታ ክፍተት ገብተው፣ ሬአክተሩን መትተው፣ መውጣት። ለእያንዳንዱ 3 እና ከዚያ በላይ ይበቃል ልበልህ፤ ይህ ከ6 ጋር ሲተያይ ቸርነት ነው። ሁለት ሦስተኛ አምስቴ ሲባዛ 32 ከ243 ነው፣ 13 በመቶ ገደማ። እያንዳንዱ ደረጃ ከያቪኗ ተኩስ አራት እጥፍ ቀሎልህ እንኳ ጠቅላላው ከያቪኑ 42 በመቶ ሲሶ በታች ወረደ።

ያም ጠላት ተኝቶ ከሆነ ነው። አልተኛም። መረጃውን ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ነው ያሾለከው። ያዝልኝ ያልኩህ ነጥብ ይኸውና፦ ያቪን ላይ ፕላኑ ከጠላት እጅ በግድ የተነጠቀ ነው፤ ኤንዶር ላይ ጠላት የሰጠህ ካርታ ነው። ጨረቃዋ ላይ አንድ ሙሉ ሌጌዎን አስቀምጧል። የጦር መርከቦቹን ደብቆ አስቀምጧል። አልተጠናቀቀም የተባለው ጣቢያ ዋና መሣሪያው ይሠራል። ሃን የይለፍ ኮዱን አሳልፎ የገባው እንኳ ቬደር እያወቀ ስለለቀቀው ነው።

በዕቅዱ ውስጥ ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ ጉድለት አለ። ምድር ያለው ቡድንና ሰማይ ያለው ጦር የሚገናኙበት ምንም ምልክት የለም። ጋሻው ወርዷል የሚል መልእክት ሳይመጣ በሰዓት ብቻ ተነሱ። ሲደርሱ ጋሻው መኖር አለመኖሩን መሣሪያቸው አያሳይም፤ የጀቶቹ መሪ ላንዶ ነው «እንደምንመጣ ካላወቁ እንዴት መሣሪያችንን ያፍኑብናል?» ብሎ ነገሩ የገባው፣ ጀቶቹንም በመጨረሻዋ ሰዓት ያስመለሰው። ያ ሰው ባይኖር ግማሹ ጓድ ጋሻው ላይ ተለጥፎ ይቀር ነበር።

ስለ ላንዶ ሳነሳ፣ ከሁለቱም ውጊያ ምርጡ ውሳኔ የእሱ ነው። ዋናው ጨረር አንዱን ትልቅ መርከባቸውን በአንድ ምት ሲያተን የአማጽያኑ መርከቦች አዛዥ አድሚራል አክባር ሊያፈገፍግ ነበር። ላንዶ ግን ወደ ጠላት ትልልቅ መርከቦች (ስታር ዲስትሮየሮቹ) ተጠጉ፣ አፍ ለአፍ ግጠሙ አለ። ከጠላት ጋር ከተደባለቅህ ጣቢያው ያንተን ለመምታት የራሱንም አብሮ መምታት አለበት። አራተኛው ዳይስ የቆመው በዚህ ነው። አንተ የምትመካባቸው ትልልቅ መርከቦች ራሳቸው ለዚያ ጨረር የተመቻቹ ዒላማ ነበሩ፤ ያቪን ላይ ትንንሾቹ ጀቶች ከመድፍ ያመለጡት ትንሽ በመሆናቸው እንደነበር አትርሳ።

እንዴት አሸነፉ ታዲያ? የጠላት መርከቦች እንዳያጠቁ ታዘው ነበር። አማጽያኑ እንዳያመልጡ ብቻ መንገድ ዝጉ ነበር የተባሉት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሉክን አጠገቡ አስቀምጦ ጓደኞቹ ሲያልቁ ሊያሳየው ስለፈለገ። መርከቦቹ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንስቶ ቢያጠቁ ኖሮ ማመንጫው እስኪፈነዳ የሚቆይ ጦር አይኖርም። ምድር ላይም ኢዎኮች የሚባሉት ትንንሽ የጫካዋ ነዋሪዎች በድንጋይና በግንድ ባይገቡ ሃን በእጅ ከተያዘ በኋላ ነገሩ አልቆ ነበር፤ የኋላውን በር ያሳዩትም እነሱ ናቸው። ኢዎኮች በዕቅዱ ላይ በጭራሽ አልነበሩም። ኤግዜኪዩተር የተባለው ትልቁ የጠላት መርከብ የወደቀውም የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጋሻ ከወረደ በኋላ አንዲት የተመታች ኤ-ዊንግ ጀት ስለተላተመችበት ነው። አሁን እነዚህን ቁጠርልኝና ስንቱ መቶ ጊዜ እንደሚደገም ንገረኝ።

ላንተ የሚሆን አንድ ነጥብ አለ፣ አልክድህም። ያቪን ላይ የመታው ሉክ ነው፣ ያውም የማነጣጠሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ። «ፎርስ የሚሉትን የሉክንና የቬደርን ምትሃታዊ ኃይል ካወጣህ ያ ተኩስ አይገባም፣ 6ህ እንኳ ብዙ ነው» ልትለኝ ትችላለህ። ጥሩ ክርክር ነው። ግን ፎርሱን ካወጣህ ከሁለቱም አውጣ፤ ያኔ ያቪን ላይ ከኋላ የሚገድል ቬደርም አይኖርም፣ የቀይ ጓዱ መሪም ጠባቂዎቹ ሳይሞቱበት ረጋ ብሎ ያነጣጥራል። ኤንዶር ላይ ደግሞ ሉክን ካወጣህ ንጉሠ ነገሥቱ ትርኢት የሚያሳየው ሰው ያጣና መርከቦቹን ወዲያው ይለቃቸዋል።

ዌጅን እንኳ ተመልከት። አይቻልም ካለው ከያቪን ጀቱ ተመትቶ ወጥቶ በሕይወት ተረፈ፣ ኤንዶር ላይ ደግሞ ከላንዶ ጋር የጣቢያው ሆድ ውስጥ ገብቶ የሰሜኑን ማማ የኃይል መቆጣጠሪያ መታ። ሁለቱንም የቀመሰ እሱ ነውና የምስክር ቃል ብንቀበል ጥሩ ነበር።

እንግዲህ የሉዶውን ዳይስ ይዘህ፣ ከወንድምህ ልጆች ጋር ሆነህ፣ ለያቪን ሦስት ሦስት፣ ለኤንዶር አምስት አምስት እየጣላችሁ ሃያ ሃያ ጊዜ ሞክሩት፤ ቆርኪ እያስቀመጣችሁ ቁጠሩ። ውጤቱን ሳታጭበረብር ጻፍልኝ። ኤንዶር ካሸነፈ ዓሣው ላይ ቢራውንም እጨምራለሁ።

እማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ፣
ከሐዋሳ